አራት ላይ የቆመች መርፌ

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ የመተኮሻ ክፍል ሴቶች እትዬ ይሏታል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ ተኩሳለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ያላየችው የሰው ዓይነት የለም፤ ካየቻቸው መካከል የምታከብራቸውን ለመቁጠር ግን የአንድ እጅ ጣት ይበዛል። ሥራ አስኪያጁን ትንቃለች፤ ክፍሉን ሲጎበኝ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው፣ ትኩስ ነገር ሁሉ እሱን ብቻ አድብቶ የሚጠብቅ ይመስል። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሹም ትንቃለች፤ አንዲት ብሎን ለማውጣት ሦስት ፊርማ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ፈራሚ ራሱ ነው፣ እሱን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ሁለት ቀን ይፈጃል። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን የገዛ ታላቅ ወንድሟን ነው።

ወንድምየው የድርጅቱ የቦይለርና የቧንቧ አለቃ ነው። ሠራተኛው «ሊቁ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ለፌዝ ነበር፤ እሱ ግን ሹመት መስሎት ደረቱን ነፍቶ ተቀበለው። ከኪሱ ረጅም ካቻቢቴ አይጠፋም። ጫፉን ቧንቧ ላይ ይተክልና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ እንዲጠብቅ ይፈልጋል። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ የታወቀውን ስብከት ይሰብካል። «የቫልቭ በሽታ ሦስት ነው፤ ቆሻሻ፣ እርጅናና ደደብ ሰው። ለሦስተኛው መድኃኒት የለም።»

አባታቸው ሲሞት እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ያሳደጋትም በእህልና በቫልቭ ወሬ ነው። ራት ላይ የጨው ዕቃውን ቦይለር፣ ማንኪያውን ቧንቧ፣ የጠርሙስ ክዳኑን ቫልቭ አድርጎ ሲያስረዳ ምግቡ ቀዝቅዞ ይደርቅ ነበር። አዳማጩ እሷ ብቻ ነበረች። እንዲህ ሲደረግ ኖሮ አንድ ቀን ሳታስበው ሁሉንም አውቃው ተገኘች። ማወቋን ያላወቀ ሰው ቢኖር አስተማሪዋ ብቻ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ስለ እንፋሎቱ ትንሽ ማወቅ ይበቃል። ቦይለሩ እንፋሎቱን በስምንት ግፊት ይልካል። የመተኮሻ ማሽኖቹ ደግሞ ከአራት በላይ አይወዱም፤ ስለዚህ በመካከል ግፊት ቀናሽ ቫልቭ ተቀምጧል። ቀናሹ ማሽኖቹ ጋ የደረሰውን ግፊት የሚያውቀው በአንዲት ቀጭን ቱቦ ነው። ግፊቱ ሲበዛ ይዘጋል፣ ሲያንስ ይከፍታል። እሱ ቢሳሳት ከኋላው ሴፍቲ ቫልቭ አለ፤ ግፊቱ አምስት ተኩል ሲሞላ ራሱ ተነሥቶ ትርፉን ወደ ውጭ ይተፋል። ከቀናሹ በፊት ደግሞ መንገዱን በእጅ መዝጊያ አንድ መዘውር አለ። መዘውሩም፣ ከላዩ የተሰቀለው የግፊት መለኪያም የሚገኙት ከእትዬ ማሽን አጠገብ፣ ክንዷን ስትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ ነው።

የዛሬ ዓመት ቀናሹ ተበላሸ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ይገዛ አለ። ሊቁ እናቱ የተሰደበች ያህል ተቆጣ።

«አዲስ መግዛትማ ማንም ያውቅበታል» አለ። «እኔ አድሰዋለሁ። ያውም ከአዲሱ የሚሻል!»

ሦስት ቀን ፈታ፣ ፋቀ፣ ገጠመ። የቀረችው ቀጭኗ ቱቦ ነበረች። መዳብ መሆን ነበረባት፤ መዳቡ ግምጃ ቤት ውስጥ አለ፣ ሹሙ ግን የለም። ሊቁ መጠበቅ ለሌላ ሰው የተፈጠረ ነገር ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ጓሮ ከተጣለ ቁርጥራጭ መካከል አንዲት የብረት ቱቦ አንሥቶ ቆረጠና ገጠማት። እንፋሎቱ ተለቀቀ። የመለኪያዋ መርፌ አራት ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ሊቁ ወደ ሴቶቹ ዞሮ የምረቃ ንግግር የሚመስል ነገር አደረገ፤ ያጨበጨበ አልነበረም።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መርፌዋ አምስት ላይ ወጣች። የአንሶላዎቹ ጠርዝ ቢጫ መሆን ጀመረ። እትዬ መለኪያውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ መርፌዋ አልተመለሰችም። አንዱን ነገር ከሌላው ጋር አገናኘችና ወደ ቦይለር ክፍል ሄደች። ወንድሟ ከአምስት ወንዶች ጋር ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀናሹ እያሳለፈ ነው። ቀጭኗ ቱቦ የተደፈነች ይመስለኛል። ከማሽኖቹ በኩል ወሬ ካልደረሰው ከፍቶ ይቀራል።»

ሊቁ ወደ ወንዶቹ ዞረ። «ስሙ እንግዲህ! ቱቦ ተደፈነች አለች! ድንቄም መካኒክ!» አለና ወደ እሷ ተመለሰ። «አንቺ አንሶላሽን አጣጥፊ። ያንን ቫልቭ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እኔ የሠራሁት ነገር አይታመምም። ይሄ ሦስተኛው በሽታ ነው። ከናንተ መካከል አንዷ መዘውሩን ትነካካለች።»

አምስቱም ሳቁ። አንዱማ ሳቁን ጨርሶ እንደገና ጀመረ።

ስትመለስ መርፌዋ አምስትን አልፋ ነበር። እርጥብ ጨርቅ እጇ ላይ ጠቅልላ መዘውሩን ያዘችና መንገዱን አጠበበችው። መርፌዋ ቀስ እያለች ወደ አራት ወረደች። «ዝም አይነቅዝም» አለች ለራሷ፤ የማሽኗንም ፔዳል ረገጠች። አሳቧ ለዚያች ቀን ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ወር ሆነ። መዘውር ደግሞ አንዴ አስተካክለውት የሚረሱት ነገር አይደለም። ማጠቢያዎቹ እንፋሎት ሲስቡ መርፌዋ ትወርዳለች፣ መክፈት ነው። ሴቶቹ ለምሳ ማሽን ሲያቆሙ ትወጣለች፣ መዝጋት ነው። ስለዚህ እትዬ ከሁሉ ኋላ ትወጣለች፣ ከሁሉ ቀድማ ትገባለች። ትኩሳት ይዟት መጥታለች፤ ጥርሷን ታምማ ጉንጯን በሻሽ አስራ መጥታለች። አንድም ቀን አልቀረችም። ቀናሹ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንደ ሞተ በግ ነበር፤ ግፊቱን የምትቀንሰው እሷ ነበረች።

ምሥጢሩ የገባት ከጎኗ የምትሠራው፣ ሳቂታዋ የሚሏት ሴት ብቻ ናት።

«እትዬ፣ ለምን አትነግሪውም?» አለቻት አንድ ቀን።

«ነግሬዋለሁ።»

«ድገሚለታ!»

«ለደደብ ሁለቴ አይነገርም።»

ሰው ቢሰማ ለወንድሟ ክብር ብላ የተሸከመችው፣ ለባልንጀሮቿ አዝና የታገሠችው ይመስለዋል። ትዕግሥት አልነበረም። ሊቁ በየሁለት ሳምንቱ ብቅ ይልና መርፌዋን በካቻቢቴው እያመለከተ «አየሽ?» ይላታል። እሷም «አየሁ ጋሼ» ትላለች። ያን ጊዜ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ማታ ቤቷ ገብታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክር ያችን «አየሽ?» የምትለዋን ቃል እያስታወሰች ብቻዋን ትስቃለች። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ይጠዘጥዛታል፤ ግድ አልነበራትም። አንድን ሰው ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጎ መናቅ ከማንኛውም ዕረፍት ይበልጥባት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በየወሩ መጀመሪያ የሴፍቲ ቫልቩን እጀታ ስቦ ማንሳት፣ ፊሽ ብሎ ሲተፋ መልሶ መልቀቅና ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት መፈረም የመተኮሻ ክፍል ኃላፊዋ ሥራ ነው። ኃላፊዋ እሷ ናት። ነገር ግን ሴፍቲው ሲጮህ ሊቁ ካቻቢቴውን ይዞ እየሮጠ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ አንድ ነገር ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ መሳቡን ተወችና መፈረሙን ቀጠለች። «እኔ እያለሁ ግፊቱ አምስት ተኩል አይደርስ፤ ምን ሲደረግ ይነሣል?» አለች። ይህን ስትል አነጋገሯ ቁርጥ ወንድሟን ነበር፤ አላስተዋለችውም።

ሴት ልጇ የምትኖረው የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ርቃ ነው። የበኩር ልጇን ልትወልድ ደርሳለች፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ በዚያ ሳምንት አገር ውስጥ የለም።

«እማዬ፣ ትመጫለሽ አይደል?» አለቻት በስልክ። «ብቻዬን ፈርቻለሁ።»

«እመጣለሁ። ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ?»

ፈቃድ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አለመቅረቷን መዝገቡ ላይ አይቶ ተደነቀና ሁለት ሳምንት ፈቀደላት፤ ከሐሙስ እኩለ ቀን ጀምሮ። አውቶቡሱ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል። ወረቀቱን ተቀብላ ስትወጣ ነው ነገሩ ትዝ ያላት። መዘውሩን ማን ይያዘው? ለሳቂታዋ እንዳታሳያት፣ እሷ አንድ ቀልድ ከጀመረች ክፍሉ ቢቃጠል አትሰማም። ለወንድሟ እንዳትነግረው፣ ያንን አፍ ሰምታዋለች። ባትሄድ ደግሞ ልጇ ብቻዋን ታምጣለች።

ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሌላ ወሬ መጣ። ሥራ አስኪያጁ የሦስት ሌሎች ማጠቢያ ቤቶችን መካኒኮች ሐሙስ ጠዋት ጋብዟል። ዓመት ሙሉ ብሎን ያልተነካውን ቫልቭ አይተው ሊማሩ ነው፤ ከዚያ ሊቁ የነሱንም በዚያው መንገድ ያድስላቸዋል። እትዬ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሦስት ክፍል ሙሉ ሴቶች፣ ሦስት የተጣለ የብረት ቱቦ፣ መዘውር የሚይዝ ሰው የሌለበት ሦስት ቦታ ታያት። ሳቋ ጠፋ።

መንገር ነበረባት። ማክሰኞ መንገር ትችል ነበር፤ ረቡዕም ወንድሟን በሩ ላይ አግኝታው «ደህና ዋልክ» ተባብለዋል። አልነገረችውም። በአምስት ወንድ ፊት ተስቆባታል፤ በአሥር ወንድ ፊት ልትስቅበት ፈለገች። ሐሙስ እውነቱን ታወጣለች፣ እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኛል፣ ቫልቩ ይቀየራል፣ እሷም አውቶቡሷን ትሳፈራለች። ሁሉም በአንድ ጠዋት ያልቃል።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊት፣ ሊቁ በታጠበ ቱታ ከጎኑ። እንግዶቹ ዙሪያውን ቆሙ። ሊቁ ካቻቢቴውን ቀናሹ ላይ ተከለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አዳመጠ።

«እንደ ሕፃን ይተነፍሳል» አለ። «ዓመት ሙሉ! መርፌዋን እዩዋት፣ ከአራት ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ሰው ቫልቭ ሲታመም ብቻ ነው የሚያየው። ሊቅ ግን ገና ሳይታመም ያውቀዋል።»

«ጋሼ» አለች እትዬ ከማሽኗ ተነሥታ። «አንድ ነገር ላሳያችሁ።»

መዘውሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ልክ እንደ ሥራ አስኪያጁ እጇን ከኋላዋ አጣመረች።

መርፌዋ ተንቀሳቀሰች። አራት ተኩል። አምስት።

«ምን አደረግሽ?» አለ ሊቁ።

«ምንም። እጄን አነሣሁ። አሥራ አንድ ወር አራት ላይ የያዝኳት እኔ ነኝ፤ ያንተ ቫልቭ ከሞተ ቆየ።»

ያሰበችው እንዲህ ነበር፤ አምስት ተኩል ላይ ሴፍቲው ይጮሃል፣ እንግዶቹ ደንግጠው ያፈገፍጋሉ፣ ከዚያ የወንድሟን ፊት በደንብ ታያለች። መርፌዋ አምስት ተኩልን ነካች። አለፈችው። ስድስት ሆነች። ምንም ድምፅ የለም። እትዬ ወደ ሴፍቲው ቀና አለች፤ ዝም ብሎ ተቀምጧል። መዘውሩ ከእጇ ሁለት እርምጃ ነበር፤ ሁለቱን እርምጃ መራመድ አቃታት።

ሊቁ የራሱን ቫልቭ ዞር ብሎም አላየው። ዓይኑ ቀጥታ ሴፍቲው ላይ አረፈ።

«ሴፍቲው ተጣብቋል! ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

ሴቶቹ ማሽን ጥለው ሮጡ። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ያን ጊዜ እጁ ከኋላው አልነበረም። መርፌዋ ስድስት ተኩል ስትሞላ የሳቂታዋ ማሽን የእንፋሎት ጎማ ከአንገቱ ተነቅሎ ወጣ፤ ክፍሉ ነጭ ሆነ። ሳቂታዋ ራሷ ከአንዲት ደቂቃ በፊት ከቦታዋ ተነሥታ በሩ ላይ ደርሳለች። እትዬ በነጩ ውስጥ የሰው ጥላ ሲያልፍ አየች። ሊቁ ነበር። ጨርቅ አልያዘም፣ ጓንት አላደረገም። የመዘውሩን ጩኸት ሰማች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ብዙ ጊዜ ዞረ። እንፋሎቱ እየቀጠነ ሄደና ቆመ። ወንድሟ ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ ወጣ። ቆዳው ከአንጓው እስከ ክርኑ ቀልቶ ተነሥቶ ነበር።

«አንቺ ደህና ነሽ?» አለ።



ክሊኒክ ሄዶ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ሲመለስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ቤትህ ሂድ ቢሉት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቀናሹንና ሴፍቲውን አስፈትቶ ወደ ጥገና ክፍል አስመጣቸው፤ እሷንም «ነይ» አላት። በእጁ መሥራት ስለማይችል የምትሠራው እሷ ሆነች። ቀጭኗን ቱቦ ፈታች። ሽቦ ብታስገባባት አላልፍ አለ። በመጋዝ ለሁለት ቆረጠቻት፤ ውስጧ ከዳር እስከ ዳር የተጠቀጠቀ ዝገት ነበር።

ሊቁ ቁራጯን በግራ እጁ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አቀረባት፤ ዝገቱን በጥፍሩ ጫረው። የሰውየውን ነገር ሁሉ ብትንቅም ብልሽት ሲያይ ሐሰት እንደማይናገር ታውቃለች።

«ቆይቷል» አለ። «አሥር ወር፣ ከዚያም በላይ።»

«በአምስተኛው ሳምንት ነው።»

«ነግረሽኝ ነበር።»

«ነግሬህ ነበር።»

ቱቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያንን ብረት ቱቦ ከጓሮ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ይህችን ቃል ለመስማት አሥራ አንድ ወር ጠብቃለች። መጣች፤ ግን አንጀቷ አልራሰም።

«ሴፍቲውን ፍቺው» አላት።

ስፕሪንጉን አወጣች። ከሥሩ ያለው ክዳን ከመቀመጫው አልነሣ አለ። በእንጨት መዶሻ ቀስ ብላ መታችው፤ ሁለተኛ መታችው፤ በሦስተኛው ተላቀቀ። የክዳኑ ዙሪያ እንደ ኖራ በነጣ ነገር ተለስኗል። በየወሩ ቢነሣ ኖሮ በየወሩ ይሰነጠቅ ነበር፤ ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከመተኮሻ ክፍል ተነቅሎ የመጣው ወረቀት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አሥራ አንድ ፊርማ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የእሷ። ሊቁ ወረቀቱን አየው፤ እሷን ግን አላያትም። ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

ለእያንዳንዱ ለተበላሸ ዕቃ አንድ ቅጽ ይሞላል። መጻፍ ስለማይችል እሱ እየነገራት እሷ ጻፈች። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ስለ ቱቦዋ ሳይጨምር ሳይቀንስ አስጻፋት፤ ከየት እንዳነሣት፣ መዳብ ለምን እንዳላስገባ፣ እህቱ መቼ እንደነገረችው፣ እሱ ምን ብሎ እንደመለሰላት። «ምክንያት» የሚለው ሣጥን ላይ ሲደርስ አስቆማት።

«እሱን እናቆየው» አለ። «ሁለተኛውን አንቺ ሙዪው። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ጻፈች። አለመሳቧን ጻፈች፤ ሳትስብ መፈረሟን ጻፈች። ሣጥኑ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ «ኖራ» ብላ ጻፈች፤ አይታ ሰረዘችው። ከዚያ ከጎኑ «ንቀት» ብላ ጻፈችና ቅጹን ወደ እሱ ገፋችው።

ሊቁ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቅርቦ አነበበ።

«ማንን?»

«ሁሉንም። በተለይ አንተን።»

ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። «አውቶቡስሽ ስምንት ሰዓት አይደል? ሂጂ፤ ልጅቷ ብቻዋን ናት። እንፋሎቱ ተዘግቷል፣ የሚያዝ መዘውር የለም።»

ተነሥታ ሻሿን አስተካከለች። ሊቁ የራሱን ቅጽ በደህናው እጁ ወደ እሷ መለሰላት።

«ከመሄድሽ በፊት» አለ፣ «የኔም ሣጥን ላይ እሱኑ ጻፊ።»